ሁለቱ ግድግዳዎች አይነካኩም

ጥቅምት 9

አባዬ፣

የላክሃቸው ሳንቃዎች ደርሰዋል፤ አስራ አራቱም። አንዱ ብቻ ጥጉ ላይ ተጭሯል፤ እሱም የጫኚዎቹ ጥፋት እንጂ ያንተ አይደለም። ተሰባብረው ይሆን እያልክ ሦስት ቀን እንቅልፍ እንዳጣህ ጽፈሃል። በል አሁን ተኛ።

ስለ ስልኩ አልተቀየምኩህም። ደወልኩ፣ "ኔትወርኩ አይሰማም" ብለህ ዘጋህብኝ፤ ደግሜ ደወልኩ፣ ደግመህ ዘጋህ። ደብዳቤ ይሻላል ካልክ ደብዳቤ ይሁን። መሥሪያ ቤት ውስጥ "ፖስታ ቤት የሚያውቅሽ በስምሽ ነው አሉ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጉባኤው ምን ይመስላል ላልከኝ፦ አውሮፕላን ቢገባበት የማይጠበው አዳራሽ አስብ። ስምንት ሺህ ሐኪም ይመላለስበታል። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚያቀርቡ ሦስት መቶ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው ዳስ ተክለዋል፤ አንድ ሐኪም ቆም ብሎ እንዲያይላቸው የማያደርጉት የለም። ከኛ ፊት ለፊት የልብ መድኃኒት አምራቾቹ ቤት የሚያህል ልብ ሠርተዋል። በአንዱ ደም ሥር ትገባለህ፣ በሌላው ትወጣለህ፣ ውስጡ ቀኑን ሙሉ ከበሮ ይመታል። ከኋላችን ሐኪሞች ብስክሌት እየነዱ የሚጠጡትን ጭማቂ ራሳቸው ይጨምቃሉ። በስተቀኝ ያለው የሆስፒታል ፍራሽ የሚሠራ ድርጅት ደግሞ አንድ ሰውዬ አስተኝቷል፤ የሰውዬው ሥራ መተኛት ነው። ትናንት "ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ ብጠይቀው "እንቅልፍ አጣሁበት" አለኝ።

የኛ ደንበኛ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሠራው ድርጅት ነው። ሁሉም ሲጮህ እኔ ዝም የሚል ዳስ ልሥራ ማለቴን ታስታውሳለህ። ሁለቱ ግድግዳዎች፣ የውጪውና የውስጡ፣ በመሃላቸው አራት ጣት ክፍተት እንዲኖር፣ የትም ቦታ እንዳይነካኩ፣ አንድ ምስማር እንኳ እንዳያገናኛቸው ብዬ ስጽፍልህ "ያልተያያዘ ግድግዳ ግድግዳ አይባልም" ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ድምፅ በምስማር ላይ ተሻግሮ ይገባል ብዬ መለስኩልህ። ሳታምንበት ለኔ ስትል ሠራኸው።

ዛሬ ተገጥሞ አለቀ። ገብቼ በሩን ዘጋሁት። የልቡ ከበሮ ጠፋ፣ ብስክሌቶቹ ጠፉ፣ ስምንቱ ሺህ ሰው ጠፋ። መጀመሪያ ትንፋሼን ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደሜን። ከዚያ ወጣሁና የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ።

ስምሽ የት ይጻፋል ብለሃል። የእያንዳንዱ ዳስ ነዳፊ ስም የሚታተምበት መጽሐፍ አለ፤ ነገ ይታደላል። ለምርጥ ዳስ ዋንጫም አለ። ወረቀቱን ሥራ አስኪያጃችን ሞልቶታል። እኛ "ማህተሙ" ነው የምንለው፤ ያላተመበት ነገር የለም፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ላይ እንኳ ፊርማው አለ። "አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ወረቀት የኔ ጣጣ ነው" ብሎኛል።

ልጅህ

ጥቅምት 21

ለልጄ፣ ለሜትሮዬ፣

ከናፍቆትሽና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ብረት በያጁ ጎረቤታችን ጋዜጣ ይዞልኝ መጣ። ምሳው የተጠቀለለበት ነው እንጂ እሱስ አንባቢ አይደለም። ገለጥ ባደርገው የኛ ክፍል! በሩን አወቅሁት፤ ማጠፊያው ላይ ያለችውን የእንጨት ዓይን እኔ ነኝ የመረጥኳት። ከበሩ ፊት ከረባት ያሰረ ሰው ዋንጫ ይዞ ቆሟል። ከሥሩ "ነዳፊ" ይልና የሱን ስም ጽፏል። ጋዜጠኛ ስም ማሳሳት ልማዱ ነው፤ አልገረመኝም።

አንቺን ግን በመነጽሬም፣ በብረት በያጁ መነጽርም ፈልጌ አጣሁሽ። ልጅ ሳለሽ የሜትሮዬን ጫፍ ይዘሽ "አባዬ ሳብ" ትዪኝ ነበር። የኔ ሥራ ባለበት ሁሉ አንዱ ጫፍ ላይ አንቺ አለሽ ብዬ ነው ፍለጋዬ። የት ነበርሽ?

ጽሑፌ ጠማማ ከሆነ ይቅርታ። እንጨት ላይ ነው ቀጥ የሚልልኝ።

አባትሽ

ጥቅምት 30

አባዬ፣

የፎቶውን ግራ ጠርዝ እየው። ሰማያዊ እጅጌ ያለው አንድ ክንድ አለ። እሱ እኔ ነኝ።

የድርጅቱን ቲሸርት አልብሰው፣ በእጄ የምትጫን መቁጠሪያ ሰጥተው የገባውን ሰው እንድቆጥር በር ላይ አቆሙኝ። በሦስት ቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰው ገብቷል። ሰልፉ በልቡ ውስጥ አልፎ በሌላው በኩል ይወጣ ነበር። ያንተን በር የከፈቱ አንዲት አሮጊት ሐኪም ሲወጡ ዓይናቸውን ጠርገው "ስንት ዓመቴ ነው ዝምታ ከሰማሁ" አሉኝ። ይህን ለዋንጫው ምትክ ያዘው።

ጋዜጠኛው አልተሳሳተም። መጽሐፉ ላይም እንደዚያው ነው። ገልጬ ሳየው ወደ ማህተሙ ሄድኩ።

"ስሜ የታለ?"

"የድርጅቱ ስም የሁላችን ስም ነው፣ እህቴ።"

"ታዲያ ያንተ ለምን ለብቻው ወጣ?"

"ገና ልጅ ነሽ፤ ትደርሺበታለሽ።"

አምስት ዓመት የሕንፃ ንድፍ የተማርኩት ለመድረስ አልነበረም፤ ደርሼ ነው የመጣሁት። ቢሆንም ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩና ቆጠርኩ። በሦስተኛው ቀን የደንበኛችን ዳይሬክተር መጡና ወለሉ ለምን ጎማ ላይ እንደተቀመጠ ጠየቁት። "ለእግር ምቾት" አላቸው። ከበሩ ሆኜ "ድምፅ በእግር በኩልም ስለሚገባ ነው" አልኩ። ዞሩ። "ሥራው የኔ ነው። እሱ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም" አልኳቸው። ሊያሳያቸው በሩን ገፋው። የሚሳብ በር ነው።

ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አሁን እረፍት ላይ ነኝ። ደህና ነኝ። ይበቃሃል።

ልጅህ

ኅዳር 27

ለሜትሮዬ፣

ደብዳቤ አዘገየሁብሽ፤ ምክንያቱን ስነግርሽ ትምሪኛለሽ። እንድደብቅሽ ቃል አስገብተውኝ ነው እንጂ እኔ ካንቺ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

አባቴ ምን እየሠራ ነው ብለሽ ብረት በያጁን በስልክ መርምረሽዋል አሉ። እሱ ደግሞ ሚስጥር ሲይዝ እንደ ወንፊት ነው። እንግዲህ ራሴ ልንገርሽ። ሥራ አስኪያጅሽ ሰው ልኮ ለሚቀጥለው ጉባኤ ሁለተኛ ክፍል አሠራኝ። የመጀመሪያውን እጥፍ የሚሆን፣ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ። "ልጅዎ እረፍት ላይ ናት፣ ስትመለስ አይታ ትደሰት" አለኝ መልእክተኛው። አንቺም እረፍት ላይ ነኝ ብለሽኝ ስለነበር አመንኩ። በጋዜጣ ላይ የቀረ ስምሽን በሥራዬ የምመልስልሽ መስሎኝ ሌት ተቀን ሠራሁ።

ሰፊ ግድግዳ ይወዛወዛል። ስለዚህ ከውጪው ወደ ውስጠኛው አስራ ሁለት ማያያዣ እንጨት መታሁበት። ያንቺን ቃል አልረሳሁትም፤ ግን ያ ለትንሽ ክፍል ነው አልኩ። ደግሞም በወረቀት ሥዬ ለሥራ አስኪያጅሽ ልኬለት "ትክክል ነው" ብሎ ማህተም አድርጎበታል። አንዱን ቅጂ ልኬልሻለሁ፣ እጄ እንዳልዛገ እዪው።

ከመጫኑ በፊት ሞክሬዋለሁ። ብረት በያጁ በሩ ሥር ቆሞ ብረት ቆረጠ፣ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ዘጋሁት። የመቃብር ያህል ጸጥ ያለ ነው። እኔ ስወጣ እሱ የሆነ ነገር ሊለኝ ነበር፤ ጊዜ የለም ብዬ አስጫንኩት።

አትቆጪኝ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 5

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሱ በኋላ በላክሃት አጭር ማስታወሻ፣ ማህተሙ ስለ እኔና ስላንተ የጻፈው ወረቀት ላንተም ደርሶህ ምን ማለት ነው ብለህ ስለጠየቅህ፣ ከዚያ ልጀምር።

እረፍት ላይ ነኝ ያልኩህ ውሸት ነው። ከጉባኤው ማግስት ተባርሬያለሁ። የስንብቱ ወረቀት ሁለት መስመር ነው፤ "በደንበኛ ፊት ድርጅቱን ስላዋረድሽ" ይላል። ማህተም ሁለት ቦታ አድርጎበታል፤ አንዱ ሳይበቃው። ያልነገርኩህ እንዳታዝን ሳይሆን፣ ስታዝን ማየት ስለማልችል ነው። እኔ ባልዋሽህ ኖሮ አንተ ያንን ሥራ አትቀበልም ነበር። ይህ በኔ ይቆጠር።

ሁለተኛው ክፍል ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። የነገረኝ የፍራሹ ሰውዬ ነው፤ እዚያም ተቀጥሮ እየተኛ ነው። "ክፍላችሁ ገብቼ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነበር፣ ከውጪው ይብሳል" አለኝ። ስምንት ሐኪሞች ገብተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ የአዳራሹ ድምፅ በማያያዣዎቹ ላይ ተሻግሮ እንደ ታምቡር ውስጥ ያዛቸው። በማግሥቱ አፈረሱት። አሁን ማህተሙ "የተባረረች ሠራተኛ ከአባቷ ጋር ተመሳጥራ ሆን ብላ አበላሸችው" ብሎ ለውድድሩ ኮሚቴ ከስሶኛል። እስከ ጥር መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ስሜ ከነዳፊዎች መዝገብ ይሰረዛል። በየትኛውም የሕክምና ጉባኤ ዳስ መንደፍ አልችልም ማለት ነው።

የላክህልኝ ቅጂ እጄ ላይ ነው። ክፍሉን የነደፈ ሰው ከአስራ ሁለቱ ማያያዣ አንዱን ቢያይ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ማህተሙ ግን አተመበት። ነዳፊው እሱ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣ። ብረት በያጁ ብረት ሲቆርጥ፣ አንተ ውጪ ቆመህ፣ ይሰማሃል? ባለፈው ስመጣ በሩን ሩብ ሰዓት አንኳኩቼ "መላጊያ ላይ ነበርኩ" አልከኝ። መላጊያው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስልኩስ፣ በእውነት ኔትወርክ ነበር?

ልጅህ

ታኅሣሥ 12

ለልጄ፣

ጆሮዬ ምንም አልሆነም። ሠላሳ አራት ዓመት ማሽን መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ትንሽ ቢከብደው ወግ ነው። ብረት በያጁም እንዳንቺ ጀምሯል፤ ከኋላዬ እየመጣ ያጨበጭባል። ሰው በስተርጅናው መጫወቻ ይሆናል።

ሥራዬ ተበላሸ ማለትሽ ግን አንጀቴን በላው። አላምንም። ያ ክፍል ጸጥ ያለ ነበር። ገብቼበታለሁ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 20

አባዬ፣

ትናንት በደረሰኝ ቁራጭ ወረቀት "ማህተም ያለበትን ቅጂ ለኮሚቴው ላክሽው ወይ" ብለሃል፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጻፍክበትም። ስለዚህ መልሴም አጭር ነው። አልላክሁትም፣ አልልክምም።

ማያያዣዎቹ ለምን ስህተት እንደሆኑ ካስረዳሁ "ታዲያ ሠሪው ሲሞክረው አልሰማም?" ይሉኛል። ለዚያ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። መልሱን ከሰጠሁ ደግሞ ተቆጣጣሪው መጥቶ የማሽን መጋዝህን ፈቃድ ይነጥቃል፣ ሰፈሩም "ደንቆሮው አናጢ" ይልሃል። በር የሚያሠራ ሰው በሩን ለሚሰማ አናጢ ይሰጣል። እኔ ወጣት ነኝ፣ ዳስ ባልሠራ ቤት እሠራለሁ፤ ቤት ባልሠራ ወንበር እነድፋለሁ። አንተ አንድ ሥራ ነው ያለህ።

ለፍቅር ስል ብቻ አይደለም፤ እንዳትኮራ። ማህተሙን የምረታው ባንተ ጆሮ ከሆነ ረታሁት አልልም። ከሱ የተሻልኩት በሰው ላይ ቆሜ ስላልሆነ ነው፤ እንደዚያው ይቀጥላል።

የፍራሹ ሰውዬ አባትሽን ሰላም በይልኝ ብሏል። ሥራ ለቋል። አሁን ቀን ይሠራል፣ "ማታ ማታ እተኛለሁ" ይላል።

ልጅህ

ጥር 4

ለሜትሮዬ፣

ይህ ሲደርስሽ ሌላው ከደረሰ ስድስት ቀኑ ይሆናል። አስቀድሜ ብነግርሽ ታስቆሚኛለሽ ብዬ ነው። የላክሁትን ቃል በቃል እነሆ፤ ቅጂውን ያስቀረልኝ ብረት በያጁ ነው።

"ለዳስ ውድድር ኮሚቴ። እኔ አናጢ ነኝ። ሁለቱንም ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ልጄ ነደፈችው፣ ልጄ ገብታ አዳመጠችው። በእጇ የሣለቻቸው ሰባት ወረቀቶች እስከ ዛሬ የሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ አብሬ ልኬአቸዋለሁ፣ ስትጨርሱ መልሱልኝ። ሁለተኛውን ማንም አልነደፈውም። ያንኑ አስፋው ተባልኩ፣ አሰፋሁት። ሲወዛወዝብኝ አስራ ሁለት ማያያዣ መታሁበት። ጥሩ አናጢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለዚህ ክፍል ግን ጥፋት ነበር። ልጄ ብታየው ታስፈርሰኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ማህተም አደረገበት። ከዚያ እኔ ገብቼ አዳመጥኩና ጸጥ ያለ ነው አልኩ። ለኔ ሁሉም ክፍል ጸጥ ያለ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ አልሰማም። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር፤ ባወቀች ጊዜም ስሟን ለማጣት ቆርጣ ደበቀችልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ንድፉ የሷ ነው።"

ብረት በያጁ ይህን ሲገለብጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምን ሆንክ ስለው በጣቱ ወደ መበየጃው ጠቆመኝ፤ ጭሱ ነው ማለቱ ነው። መበየጃው ጠፍቶ ነበር።

ቆይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስገባና ስዘጋው፣ አሁን ሲገባኝ ለኔ ከውጪው ምንም ልዩነት አልነበረውም። እኔ ደግሞ "ጎበዝ ሠርቻለሁ" አልኩ። እንደዚህ ዓይነት ሞኝ አናጢ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ማሽን መጋዙን ተቆጣጣሪው ሳይመጣ ራሴ አጥፍቼ ሸፈንኩት። በእጅ መጋዝ እሠራለሁ። በእጅ መጋዝ ሲሠራ እጅ ነው የሚሰማው፤ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ሲል እጀታው ይነግረኛል። ትናንት አንዲት ሴት በር ልታሠራ መጣች። "ጆሮህ አይሰማም አሉ" ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። "በሩን ለእርስዎ ነው የምሠራው፣ ለኔ አይደለም" አልኳት። ሳቀች፣ አዘዘች።

ደንቆሮው አናጢ ማለታቸውስ አልቀረም። አልሰማቸውም።

አባትሽ

ጥር 15

አባዬ፣

ተቆጥታ ይሆን ብለህ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የኮሚቴው መልስ መጣ።

አራት መስመር ነው። ክሱ ተዘግቷል። መጽሐፉ በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ሰባቱን ወረቀቶች መልሰዋል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ፣ የሰቀልክባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉ ናቸው። ዋንጫውን መመለስ ስለሚቻልበት መንገድ ደንባቸው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ማህተሙ ጋ ነው። የጆሮ ቅርጽ ያለው መስታወት ነው። ይዞት ይደር።

የመስሚያ ድርጅቱ ዳይሬክተር ራሳቸው ደወሉልኝ። ደብዳቤህን ኮሚቴው አንብቦላቸዋል። ሦስተኛ ክፍል እፈልጋለሁ አሉ። ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። ስሜ በሩ ላይ ይጻፋል፣ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን። አናጢው አንተ ነህ። ሲያልቅ የማዳምጠው እኔ ነኝ። "አባትሽ ግን..." ብለው ጀመሩ። "ክፍሉ የሚሰማ አናጢ አይፈልግም፤ ሁለት ግድግዳ ሳያነካካ የሚያቆም አናጢ ነው የሚፈልገው። አሁን ደግሞ ለምን እንደማይነካኩ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም" አልኳቸው። እሺ አሉ።

መሣሪያቸውን ላንተ ሊሰጡ ፈልገዋል። እጠይቀዋለሁ አልኩ እንጂ በስምህ አልተቀበልኩም። ጆሮው ያንተ ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሜትሮውን አዘጋጅ። በሩን አልቆልፍልሽም ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ ቆልፈህ ሥራ፤ ቁልፍ አለኝ። ስደርስ አላንኳኳም። የሥራ ቤቱን መብራት ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ያን ጊዜ ከእንጨቱ ላይ ቀና በል።

ሜትሮህ